የደከመ ባትሪ ድምፅ

የካቲት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ንፋስ መውጫ

ይህን ደብተር የገዛሁት የተማሪዎች ውጤት ልይዝበት ነበር። ዛሬ ግን የሆዴን ካልጻፍኩበት ሰው ላይ መጮኼ ነው።

የበዓሉ ኮሚቴ ከሰዓት በኋላ ሰበሰበን። በግንቦት የባህል ሳምንት ይከበራል ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አያሌው፣ ሰው ሲናገር ስልኩን ከመነካካት በቀር ሥራ የሌለው፣ "ያችን የድሮ ዘፈን ድምፅዋን ሳትለቅ አምጡልን፤ በተለይ ጊታሩን" አለ። ያች ዘፈን በ1974 ዓ.ም. አርብ ገበያ ከተማ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ በካሴት የተቀዳች ናት። ዋናውን ካሴት ያየ ሰው የለም፤ ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠች ግን በእኛ አገር የማይሰማት የለም። በመካከሏ ላይ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ይነሣል። ጉሮሮው የተቧጠጠ፣ የሚነድ ድምፅ ነው። ከኋላ አህያ ሲያናፋ ይሰማል፤ ጊታሩ ይበልጠዋል። እኔ ጊታር የያዝኩት በዚያ ድምፅ የተነሣ ነው። የፈረንጆቹን ሮክ በኋላ ስሰማው አዲስ አልሆነብኝም፤ "ይህንማ አርብ ገበያ ሰምቸዋለሁ" ነው ያልኩት።

"ጊታሩን የመቱት ጋሼ ቢሻው እዚሁ ከተማ አሉ። ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ ይግባ" አልኩ።

አቶ አያሌው ከስልኩ ቀና ሳይል፣ "ስም መጥራት ከጀመርን ማቆሚያ የለውም። ድምፁ የሕዝብ ነው" አለ። ቀጥሎም፣ "አንተ የኮምፒውተር መምህር አይደለህ? ኮምፒውተርህ ይሥራው" ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም አብረው ሳቁ።

የሕዝብ! ክሩ ጣቱን የቆረጠው ሕዝቡን ነው? የሰው ድምፅ ይወስዳሉ፣ ስሙን ግን ደጅ ያስቀሩታል። ደሜ ፈላ። እሠራዋለሁ፤ ስማቸውንም አስጠራለሁ። ይህን እዚህ ጽፌዋለሁ።


የካቲት 24፣ ሰኞ

ሁዳዴ ከገባ ሳምንቱ። የሙዚቃ ቡድናችን እስከ ፋሲካ አይለማመድም። በጾም ከበሮ የሚመታ ማን አለ? የእኔ ሥራ ግን ጾም አይሽርም፤ ድምፅ የለውማ። ጊታሩን በገመድ ላፕቶፑ ላይ እሰካለሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ይሆንልኛል። ስክሪኑ ላይ የድሮ አምፕሊፋየሮች ሥዕል ተደርድሯል፤ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ ትልቅ ሳጥን ያለው፣ ትንሽ ሳጥን ያለው። ቁልፋቸውን በማውስ እያዞርኩ አስጮኻቸዋለሁ፤ ጩኸቱን የምሰማው በጆሮ ማዳመጫ እኔ ብቻ ነኝ። ውጭ ላለ ሰው የክሩ ጠቅ ጠቅ ማለት ነው የሚሰማው።

አከራዬ እትዬ አበራሽ በመስኮት አይተውኝ ኖሯል። ለጎረቤት ሲነግሯት ሰማሁ፦ "መምህሩ እንጨት ታቅፎ ራሱን ይወዘውዛል። ዘመድ ካለው ጠበል ቢወስዱት።"

ጾም አልሻርኩ፣ ሰው አልረበሽኩ። ምን አድርጌያቸው ነው?


የካቲት 28

ጋሼ ቢሻው ቤት ሄድኩ፤ ከከተማው ዳር፣ ወደ ቁልቁለቱ። ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። በምርኩዝ ይሄዳሉ። ወጣት ሳሉ አሥመራ ወታደር ነበሩ፤ እዚያ በየቡና ቤቱ የፈረንጅ ሸክላ እየሰሙ ነው ጊታር የለመዱት። ቆስለው ሲመለሱ የደርግ ጊዜው የኪነት ቡድን ወሰዳቸው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ ናቸው፤ ጋሼ ራሳቸው ወሬ አያበዙም።

የእንግሊዙን አምፕሊፋየር መርጬ፣ አራት ቀን የለፋሁበትን ድምፅ በማዳመጫው አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

"ይኸ ነው ጋሼ?"

"አይደለም።"

ማዳመጫውን አውልቀው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። በቃ።


መጋቢት 4

የአሜሪካውን ወሰድኩ። "አይደለም።"


መጋቢት 9

ጠዋት መብራት የለም። ማታ መብራት የለም። ትምህርት ቤት ላፕቶፕ ቻርጅ ላደርግ ስል የፈተና ወረቀት እየተባዛ ነው፣ ነቅለህ ውጣ አሉኝ። ከጸጉር ቤቱ በር ላይ ቆሜ የሃያ ደቂቃ ቻርጅ ለመንኩ። ሃያ ደቂቃ! ለወረዳው በዓል እኮ ነው።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ትልቁን ሳጥን ከትንሹ አምፕሊፋየር ጋር ቀላቀልኩ። ቀጭኑን ድምፅ፣ ትሬብሉን፣ አወጣሁ፤ ወፍራሙን፣ ቤዙን፣ ገደልኩ። ለእኔ ጆሮ አንድ ነው፤ ከቅጂው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ መቶ ጊዜ ሰምቸዋለሁ።

"አይደለም።"

"ምኑ ነው ያልሆነው ጋሼ? ከበዛ ልቀንሰው፣ ካነሰ ልጨምረው።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ያንተ ዕቃ። አይደለም እንጂ።"

ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። ለማን ብዬ ነው እንዲህ የምለፋው? ለእሳቸው አይደለም? ሰው ለፍቶ ሲመጣ "ደግ ነው፣ ተቃርበሃል" ማለት ምን ይጎዳል?


መጋቢት 19

ሻይ ቤት ከቡድናችን ዘፋኝ ከቤቲ ጋር ተቀምጠን የኮሚቴውን ነገር አነሣሁ። ማመልከቻ ጽፌ ነበር፤ "ጉዳዩ፦ የአቶ ቢሻው ስም በፕሮግራሙ እንዲካተት ስለመጠየቅ" ብዬ። ማኅተም የለውም ተብሎ ተመለሰልኝ። የማን ማኅተም? የግሌን ማመልከቻ በማን ማኅተም ላትም?

ለቤቲ ስነግራት ሳቀች።

"አንተ ልጅ፣ አሥር ጊዜ 'ድምፄ' አልክ እኮ። ድምፄ እዚህ ደረሰ፣ ድምፄ ትንሽ ቀረው። ድምፃቸው በል እንጂ።"

"ለአነጋገር ነው።"

"ይሁን ለአነጋገር።"

ይህም ወሬ ሆኖ ይነገረኛል። ሦስት ሳምንት ዓይኔ ያበጠው የእኔ ነው፤ ብልስ? ምን አለበት? ያለ እኔ ድምፁ በሰው ስልክ ውስጥ እየሻገተ ነበር።


መጋቢት 27

መምህራን ማረፊያ። እኔ መግባቴን ሳያዩ፦

"ያ ኮምፒውተር የሚያስጮኸውስ?"

"ሽማግሌውን ሰላም ነሥቷቸዋል አሉ። በሽተኛ ላይ ጆሮ ማዳመጫ እየደፋ።"

ገብቼ ደብተሬን አነሣሁና ወጣሁ። አንዳቸውም ጋሼ ቢሻውን ጠይቀው አያውቁም። የከተማው ሰው ሁሉ ዘፈኗን በስልኩ ይዞ ይዞራል፤ ባለቤቷን ግን በመንገድ ሲያገኛቸው እንደ ግንድ ያልፋቸዋል። ሰላም የነሣኋቸው እኔ ነኝ?


ሚያዝያ 3

ሰባተኛ ጊዜ። "አይደለም።" ቁጥሩን የያዝኩት እልህ ይዞኝ ነው። ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ እግሬን አላነሣም። እሳቸውም ይናፍቁ።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

እግሬን አላነሣም ብዬ ነበር፤ በፋሲካ ማግስት ግን ሽማግሌ ሳይጠይቁ መቅረት አይሆንም። ላፕቶፑን አልያዝኩም። ዳቦ ገዝቼ ሄድኩ።

በላን፣ ጠላ ቀረበ። እትዬ ሙሉነሽ፣ "ዛሬስ ያን ማዳመጫ አላመጣኸው?" አሉኝ። ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመው ወጣ።

"ምን ላምጣ እትዬ? ያለውን አምፕሊፋየር ሁሉ አመጣሁ። ጋሼ እንደሆኑ አይደለም ከማለት በቀር ነገሩን አይገልጹልኝም።"

እትዬ ሙሉነሽ ወደ ባላቸው ዞሩ። "ጠይቆሃል እንዴ?"

"እሱ መቼ ይጠይቃል" አሉ ጋሼ ቢሻው።

"እንዴት አልጠየቅኩም! ይኸ ነው ወይ እያልኩ ሰባት ጊዜ—"

"ይኸ ነው ወይ አልኸኝ። አይደለም አልሁህ። ምን ነበር ብለህ ግን አልጠየቅኸኝም።"

ፊቴ ጋለ። ጠላውን አስቀመጥኩና እንደ ተማሪ ጠየቅኩ።

"በምን አምፕሊፋየር ነበር የሚጫወቱት?"

"የምን አምፕሊፋየር! በዚህ በኛ ቀበሌ ጡሩምባ ነዋ፤ ለኪነት ይዘነው ነበር የምንዞር። ያ ሕዝቡን ለስብሰባ የሚጠሩበት፣ አፉ ሰፊ የሆነው ድምፅ ማጉያ። ባሕር ዛፍ ላይ ያስሩታል።"

ወገቤን ይዤ ቀረሁ። ሁለት ወር ሙሉ የእንግሊዝ ሳጥን፣ የአሜሪካ ሳጥን ስቀያይር ከርሜ፣ ሳጥን የሚባል ነገርስ አልነበረም።

"ደግሞ አርብ ገበያ ያን ጊዜ መብራት የለ" ብለው ቀጠሉ፤ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። "ከጭነት መኪና ባትሪ አውርደው በሱ ነው የሚያስነሡት። መዠመሪያ ካድሬው ይናገራል። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ከዚያም በላይ። የባትሪውን ጉልበት ንግግሩ ይጨርሰዋል። 'አሁን ደግሞ ኪነት' ሲባል ባትሪው ሊሞት ምንም አልቀረው። ሊሞት ሲል ነው እንዲያ የሚያቃስት። እኔ አውቄበት ነበር። ባትሪው እስኪደክም ብዬ ተራዬን ወደ መጨረሻ አስደርግ ነበር። አንድ ቀን አለቆቹ ንግግር ሳያደርጉ ቀሩና ገና በጉልበቱ ሳለ ተጫወትሁ፤ ድምፁ እንደ ውኃ ቀጠነብኝ። አፈርሁ።"

እትዬ ሙሉነሽ ሳቁ። "ንግግር ይርዘም ብሎ የሚጸልይ በአገሩ እሱ ብቻ ነበር።"

ጋሼ ቢሻውም ሳቁ። የሚሠራው ግራ እጃቸው በጭናቸው ላይ ሆኖ ጣቶቹ ይነሡና ይወድቁ ነበር፤ የጊታር አንገት እንደያዙ ያህል። ያን ጊዜ ነው ልቤ የተነካው። ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ነገር ከነባትሪው ያስታውሳል፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም። እኔንም ጨምሮ፣ እሺ። ግን እኔስ ቢሆን አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት?


ሚያዝያ 16

ጡሩምባው አለ! መንግሥት ሲለወጥ ቀበሌው ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶት ኖሯል። ኋላ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ዕቃ ቤት ገባ። መሪጌታ ገብረ ሕይወትን ሄጄ ለመንኩ።

"ለምንድን ነው የምትፈልገው?"

"ለጊታር።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ፣ "ለቤተ እግዚአብሔር የገባ ዕቃ ለዘፈን አይወጣም" አሉ። ልከራከር አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። "ዘፈን እንዳታስገባበት። ሌላ ምን ታደርግበታለህ?"

አስረዳኋቸው። ከታች ከወፍራሙ ጀምሮ እስከ ቀጭኑ የሚወጣ አንድ የፉጨት ድምፅ በጡሩምባው አሳልፋለሁ፤ ከፊቱ ማይክ አድርጌ እቀዳለሁ፤ ሶፍትዌሩ ከዚያ የጡሩምባውን ጠባይ ይማራል። ከዚያ በኋላ ጡሩምባውን አልፈልገውም።

"ፉጨት ብቻ?"

"ፉጨት ብቻ።"

"ከግቢ ውጭ፣ ከቅዳሴ በኋላ" አሉ።

ሜዳው ላይ አቆምነው። ዝጓል፣ ከአፉ ጫፍ ላይ ተቀድዷል። ፉጨቱን ለቀቅኩት። መሪጌታ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና የማልረሳውን ነገር ተናገሩ፦ "ይኸ ከደረት አይወጣም። በአፍንጫ ነው የሚያዜመው። የኔ ተማሪ ቢሆን ዱላ ነበረው።" ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ እኔ በሁለት ወር ያላገኘሁትን በአንድ ፉጨት አወቁት።


ሚያዝያ 18

ሳጥኖቹን ሁሉ አጠፋሁ። የጡሩምባውን ቅጂ አስገባሁ። ቀረበ፤ ግን ገና ጤነኛ ነው። ባትሪው! ሶፍትዌሩ ውስጥ የአምፕሊፋየሩን ቮልቴጅ የሚቀንስ ቁልፍ አለ፤ ለምን እንደሚያገለግል አልገባኝም ነበር። ግማሽ ድረስ አወረድኩት። ክሩን ስመታው ድምፁ መጀመሪያ ጎንበስ አለ፣ ከዚያ እያቃሰተ ተነሣ።

ጮኽኩ። እትዬ አበራሽ በሩን አንኳኩ። "ደኅና ነህ?"


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ወሰድኩላቸው። ማዳመጫውን አጠለቅኩላቸው። ምንም አልጠየቅኩም፤ መታሁት ብቻ።

ጋሼ ቢሻው፣ "አቀርቅሮ ነው የሚነሣ" አሉ። "እሱ ነው።"

እትዬ ሙሉነሽ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ቶሎም አልወጡም። ጋሼ ቢሻው ደግሞ ግራ እጃቸውን ዘረጉና የጊታሩን አንገት ያዙ። ጊታሩ ጭኔ ላይ ነው፤ እሳቸው በግራቸው ክሩን እየያዙ፣ እኔ በቀኜ እየመታሁ የዘፈኗን መግቢያ አብረን ተጫወትናት። ጣታቸው አልረሳም። የእኔ እጅ ነው የዘገየው።

በማዳመጫው የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ የክሩን ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው የሰማሁት፤ ፊታቸውን ግን አይቻለሁ።


ግንቦት 2

ፕሮግራሙ ታትሞ ወጣ። "ጥንታዊው የጊታር ድምፅ በዘመናዊ ቴክኖሎጂ፤ በከተማው የሙዚቃ ቡድን።" ስም የለም። አንድም የለም።

ቀጥታ አቶ አያሌው ዘንድ ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ድምፄ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር አሉ፤ ይሰማ። "ሰውየው በሕይወት አሉ! እዚህ፣ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ! ሞተው ቢሆን ሐውልት ታቆሙላቸው ነበር፤ በሕይወት ስላሉ ነው የማትጠሯቸው?" አልኩት።

"እየውልህ መምህር" አለ፣ ስልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀምጦ። "የዚያ ዘመን ኪነት ነው። ወረቀት ላይ ስም ሲሰፍር ለምን እሱ ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል። እኔ መልስ መስጠት አልፈልግም። አንተ መድረክ ላይ ትወጣ የለ? ማይኩን ይሰጡሃል። አንተው ጥራቸው። አልከለክልህም።"

ፈሪ! በአፉ ሊጠራው የማይደፍረውን በእኔ አፍ ያስጠራል። ግን ይሁን። ከወረቀት የአፍ ይሻላል፤ ሕዝብ ፊት ነው።

ከዚያው ወደ ጋሼ ቢሻው ሄድኩ። "ከፊት ለፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወንበር አስይዝልዎታለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ማይኩን እይዛለሁ። ያኔ ብድግ ይበሉ፤ ሕዝቡ ይይዎት" አልኳቸው።

"ምን ያደርግልኛል" አሉ። እትዬ ሙሉነሽ ግን ወዲያው ኮታቸውን ከሳጥን አውጥተው ብርሃን ላይ ያዩት ጀመር።


ግንቦት 9

ልምምድ። ቤቲ ድምፁን በትልቁ ድምፅ ማጉያ፣ በሞንታርቦ፣ ስትሰማ ግጥሙ ጠፋባት። ከበሮ መቺው "እንዴት አድርገህ ነው?" አለኝ፤ አስረዳሁት፤ ሌላውም መጣ፤ ለእሱም አስረዳሁ። ስለ ጡሩምባው፣ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ቮልቴጁ። ደስ ይላል መቼም ሰው ሲገባው። ተማሪዎቼም በመስኮት ተደርድረው ያዩ ነበር።


ግንቦት 15

ነገ ነው። ገመድ ሁለት። ላፕቶፕ ሙሉ ቻርጅ። ወንበሩን ሁለት ጊዜ ሄጄ አረጋገጥኩ። ሸሚዝ አልተተኮሰም።


ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ተሳካ።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሙሉ ነበር። ከአርብ ገበያ፣ ከመካነ ኢየሱስ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ንግግሩ ረዘመ፤ ከዚያ እኛ ወጣን። ጊታሩ የሚነሣበት ሲደርስ መሬት አልያዘኝም። የመጀመሪያውን ክር ስመታ፣ ድምፁ አቀርቅሮ ሲነሣ፣ ሜዳው በአንድ ጊዜ ጮኸ። ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይዘው ነበር። አንዲት ሴት ታለቅስ ነበር። ሁለት ጊዜ አስደገሙን።

ማይኩን ሰጡኝ። ተናገርኩ። ስለ ላፕቶፑ፣ አምፕሊፋየር ሳይኖር አምፕሊፋየር እንዴት እንደሚገኝ፣ ስለ ጡሩምባው ተናገርኩ፤ ስለ ባትሪው ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሞቀኝና ጨመርኩበት። ትምህርት ቤቱን አመሰገንኩ። ኮሚቴውን አመሰገንኩ። አቶ አያሌውንም አመሰገንኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ጨብጦኝ ፎቶ ተነሣን። ስወርድ ቤቲ፣ "ረሳህ?" አለችኝ። ጩኸት ስለነበር በደንብ አልሰማኋትም።

አንድ ነገር ብቻ አቃጠለኝ። ጋሼ ቢሻው ንግግሬን ሳልጨርስ ወጥተው ሄዱ። ሦስት ወር ስለ እሳቸው ከሰው ጋር ስጣላ ከርሜ፣ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብሎ መስማት አቃታቸው! ስማቸውን ልጠራ ነበር። ሲወጡ አይቼ ነው የተውኩት። የሌለ ሰው ይጠራል?


ግንቦት 18

መንገድ ላይ ሰው ያስቆመኛል። "ያን ድምፅ የፈጠርከው አንተ ነህ?" ይሉኛል። አዎ እላለሁ፤ ቆሞ ታሪክ ማውራት አይቻል። ተማሪ ቅጂውን ስጠን ይለኛል። አቶ አያሌው የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። በስሜ። ማኅተም ያለው።

ጋሼ ቢሻው ጋር አልሄድኩም። እሳቸው ናቸው ጥለው የሄዱት፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ቢኖር እኔ አይደለሁም።

ቅዳሜ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። "ሲወጡ አይቼ ነው የተውኩት።" አቶ አያሌውን ያመሰገንኩት ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የንግግሬ ቅደም ተከተል ጠፍቶብኛል። ስሞቹን በተራ ይዣቸው ነበር እኮ፤ የእሳቸው የመጀመሪያው ነበር።


ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ሄድኩ። እትዬ ሙሉነሽ ደጅ ላይ ኮቱን እያጠፉ ነበር። ግባ አላሉኝም።

"ጋሼ አሉ?"

"ተኝቷል።"

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ቆምኩ። ዝም ብዬ ብመለስ ይሻለኝ ነበር፤ ግን ያው እልሄ ቀደመኝ።

"ቅዳሜ ጥለውኝ ወጡ እትዬ። ሰው ፊት አሳፈሩኝ። ስማቸውን ልጠራ ስል ዞር ብል የሉም።"

ኮቱን ክንዳቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው አዩኝ። እትዬ ሙሉነሽ በእኔ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ አሁንም አላደረጉም።

"ብድግ ይበሉ ያልኸው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ብድግ አለ። ማይኩን ስትይዝ፣ ገና ስትይዝ፣ ምርኩዙን ተደግፎ ብድግ አለ። እኔ ክንዱን ያዝሁት፤ ልቀቂኝ አለ። አንተ ትናገራለህ፤ እሱ ቆሟል። ስለ ኮምፒውተርህ ትናገራለህ፤ ቆሟል። የሱን ወሬ፣ የባትሪውን ወሬ እንደራስህ አርገህ ታወራለህ፣ ሰው ይስቃል፤ እሱ ቆሟል። ከኋላ ያሉት 'ይቀመጡ፣ ከለሉን' አሉት። አልተቀመጠም። አሁን ይጠራኛል ብሎ። ያን አያሌው የሚሉትን ስታመሰግን አንዱ ጎረምሳ 'ሽማግሌው ሊወጡ ነው፣ አሳልፏቸው' አለ። ወንበሩን ሁሉ ወዲህ ወዲያ አርገው መንገድ ለቀቁለት። ይኸ ሁሉ ሰው ቆሞ መንገድ ከለቀቀለት በኋላ ምን ያድርግ? ልወጣ አይደለም፣ ስሜን ልሰማ ነው የቆምሁ ይበል? ወጣ።"

እትዬ ሙሉነሽ ገብተው በሩን ገፋ አደረጉት፤ አልዘጉትም፤ ገፋ ነው ያደረጉት።

ቁልቁለቱን ሽቅብ ወጣሁ። ከተማው ዳር ስደርስ አንድ ባጃጅ ያን ዘፈን ከፍቶ አለፈ፤ እኔ የመታሁትን፣ የቅዳሜውን።

አሁን ደብተሩን ከፍቼ የቅዳሜውን ልሰርዝ ነበር። አልሰረዝኩትም፤ ውሸቴ እዚያው ይቀመጥ። እውነቱን ከሥሩ እጽፈዋለሁ፤ ለእትዬ ሙሉነሽ ያልነገርኳቸውን። ከመድረኩ ላይ ሁለተኛው ረድፍ ፊት ለፊቴ ነበር። አቶ አያሌውን ከማመስገኔ በፊት፣ ሕዝቡ በባትሪው ወሬ ሲስቅልኝ፣ ጋሼ ቢሻው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው አይቻቸው ነበር።